አሮጌ መመሪያ በአዲስ ሥርዓት ላይ፤ የሜይንፍሬም አስተዳደርና የበይነ መረብ ቴክኒካዊ ሰነዶች ተአማኒነት

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ የሜይንፍሬም ሥርዓት አስተዳዳሪዎች ከበይነ መረብ የሚያገኟቸውን ቴክኒካዊ ሰነዶች በምን መለኪያ ሊያምኗቸው እንደሚገባ ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የአንድ መመሪያ ተአማኒነት በራሱ በመመሪያው ውስጥ ተሟልቶ የሚገኝ ባሕርይ ሳይሆን፣ በመመሪያውና በሚፈጸምበት ሥርዓት መካከል ያለ ዝምድና ነው የሚል ነው። የሜይንፍሬም ትልቁ መልካም ጎን፣ ማለትም የቀድሞ ፕሮግራሞችን ሳይለወጡ ማስኬድ መቻሉ፣ አሮጌ ሰነዶችንም ሕያው አስመስሎ ያቆያል። በዚህም ምክንያት አንባቢው የሰነዱን ዕድሜ ብቻ በማየት ሊፈርድ አይችልም። ጽሑፉ አራት የስሕተት ዓይነቶችን በምሳሌ ካሳየ በኋላ፣ ለአስተዳዳሪዎችና ለተማሪዎች የሚያገለግል የማጣሪያ ሥርዓት ያቀርባል።

1. መግቢያ

አይቢኤም ሲስተም/360 የተባለውን የኮምፒውተር ቤተሰብ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ነበር። የዚህ ቤተሰብ መሠረታዊ ሐሳብ በትንሹ ሞዴል የተጻፈ ፕሮግራም በትልቁም እንዲሠራ ማድረግ ነበር። ይህ መርሕ በሞዴሎች መካከል ብቻ ሳይሆን በትውልዶችም መካከል ተጠብቆ ቆይቷል። የአድራሻው ስፋት በመጀመሪያ 24 ቢት ነበር፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ 31 ቢት፣ በ2000 ደግሞ 64 ቢት ሆነ። ስርዓተ ክወናውም ከኦኤስ/360 ተነሥቶ፣ በ1974 ኤምቪኤስ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ኦኤስ/390፣ በ2001 ለአገልግሎት የበቃው ዜድ/ኦኤስ እየተባለ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ሥሪት 3.1 የወጣው በ2023 ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ከአሠርት ዓመታት በፊት የተጻፉ በርካታ የኮቦልና የአሴምብለር ፕሮግራሞች ሥራቸውን አላቋረጡም።

ይህን ሥርዓት የሚያስተዳድር ባለሙያ ያለ ሰነድ ሥራውን ሊያከናውን አይችልም። የመልእክቶችና የኮዶች ብዛት፣ የትእዛዞች ዝርዝርና የመለኪያዎች ውስብስብነት በማንም ሰው ትውስታ የሚያዝ አይደለም። ቀደም ሲል የሰነዱ ቦታ በማሽኑ ክፍል አጠገብ የነበረው የመጻሕፍት መደርደሪያ ነበር፤ ዛሬ ግን የመጀመሪያው መጠየቂያ የፍለጋ ሞተር ሆኗል። ከዚህም ጋር ሥርዓቱን ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ባለሙያዎች በጡረታ ሲሰናበቱ፣ ተተኪው ወጣት ብዙውን ጊዜ ከድረ ገጾች ጋር ብቻውን ይቀራል። በሜይንፍሬም ላይ የባንክ ሒሳብ፣ የኢንሹራንስ ውልና የአየር ጉዞ ምዝገባ ስለሚካሄድ፣ ያለማጣራት የተፈጸመች አንዲት ትእዛዝ የብዙ ሺህ ሰዎችን ጉዳይ ልታስተጓጉል ትችላለች። በመሆኑም «ይህን ገጽ ልመነው ወይስ አልመነው?» የሚለው ጥያቄ ከንድፈ ሐሳብ አልፎ የዕለት ተዕለት የሥራ ጥያቄ ነው።

2. ተስማሚነት ለአሮጌ ሰነድ የሚሰጠው ሕይወት

በአብዛኛው የኮምፒውተር ዘርፍ አሮጌ መመሪያ ራሱን በራሱ ያጋልጣል። የተጠቀሰው ትእዛዝ ከእንግዲህ የለም፤ ፕሮግራሙም አይነሣም፤ አንባቢውም ሌላ መመሪያ ይፈልጋል። በሜይንፍሬም ላይ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት የተጻፈ የጄሲኤል ምሳሌ ዛሬም ያለ ተቃውሞ ሊሠራ ይችላል። አንባቢው አሥር ጊዜ አሮጌ ምክር ተከትሎ አሥር ጊዜ ከተሳካለት፣ በአሥራ አንደኛው ጊዜ ለመጠራጠር ምክንያት አይኖረውም። አደጋው የሚመጣውም በዚህ ጊዜ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው «አይኢኤፍ-ቢአር-14» የተባለው፣ ምንም አይሠራም እየተባለ የሚጠራው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲጻፍ አንድ መመሪያ ብቻ ነበረው፤ ይኸውም በሬጅስተር 14 ወደተያዘው አድራሻ ተመለስ የሚል ነው። ሆኖም በሥርዓቱ ልማድ መሠረት የፕሮግራሙ ውጤት የሚነበበው ከሬጅስተር 15 ሲሆን፣ በዚያ ሬጅስተር ውስጥ ሲጀመር የሚገኘው የፕሮግራሙ መግቢያ አድራሻ ነበር። ስለዚህ ምንም ያልሠራው ፕሮግራም ስሕተት እንደተፈጠረ የሚያመለክት ቁጥር ይመልስ ነበር። ጉድለቱ የታረመው ሬጅስተር 15ን ዜሮ የሚያደርግ ሁለተኛ መመሪያ በመጨመር ነው። አንድ መስመር ብቻ ያለው ፕሮግራም እንኳ በግልጽ ባልተጻፈ ውል ላይ ተመሥርቶ የሚቆም ከሆነ፣ ሃያና ሠላሳ መስመር ያላቸው የድረ ገጽ ምሳሌዎች ስንት ያልተጻፉ ውሎችን ተሸክመው እንደሚመጡ መገመት አያዳግትም።

3. አራት የስሕተት ዓይነቶች

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስሕተቶች ጸሐፊው ዋሽቶ ወይም ሳያውቅ ጽፎ የሚፈጠሩ አይደሉም። በአብዛኛው ጸሐፊው ያለው ሁሉ በራሱ ሥርዓት ላይ እውነት ነበር። ችግሩ የሚፈጠረው መመሪያው ከዚያ ሥርዓት ወጥቶ ወደ ሌላ ሲሸጋገር ነው።

3.1 የጊዜ ስሕተት

ከላይ የተጠቀሰው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው የመረጃ ስብስቦችን ለመፍጠርና ለመሰረዝ ነው። ሥራውን በእርግጥ የሚያከናውነው ፕሮግራሙ ሳይሆን በጄሲኤሉ ውስጥ የተጻፈውን መግለጫ የሚያነበው ሥርዓት ነው። ሊሰረዝ የተፈለገው የመረጃ ስብስብ ወደ ቴፕ ተዛውሮ ከነበረ፣ በቀድሞው አሠራር ሥርዓቱ መጀመሪያ ከቴፕ ወደ ዲስክ ይመልሰውና ከዚያ ይሰርዘው ነበር። በ2009 ከወጣው ዜድ/ኦኤስ 1.11 ጀምሮ ግን ሳይመልስ በቀጥታ እንዲሰርዝ ለማድረግ የሚያስችል ምርጫ ተጨምሯል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ገጽ ስለዚህ ምርጫ ሊናገር አይችልም። በኋላ የተጻፈ ገጽም ምርጫው በጸሐፊው ሥርዓት ላይ መብራቱን ወይም መጥፋቱን ካልገለጸ፣ ተመሳሳዩ ጄሲኤል በአንዱ ቦታ በቅጽበት፣ በሌላው ቦታ ደግሞ ከረጅም ጥበቃ በኋላ ይጠናቀቃል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኮቦል የሚወሰድ ነው። በ2013 የወጣው የኢንተርፕራይዝ ኮቦል ሥሪት 5 የሚያመርታቸው ፕሮግራሞች «ፒዲኤስኢ» በተባለው አዲስ ዓይነት ላይብረሪ ውስጥ እንዲቀመጡ ግድ ይላል። ከዚያ በፊት የተጻፉ መመሪያዎች የሚያሳዩት አሮጌውን የ«ፒዲኤስ» ላይብረሪ አፈጣጠር ነው። መመሪያው እስከ ሥሪት 4 ድረስ ፍጹም ትክክል ነው፤ ከሥሪት 5 ወዲህ ግን አያገለግልም። ይህኛው ስሕተት ቢያንስ በግልጽ ይታያል፤ የፊተኛው ግን ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

3.2 የቦታ ስሕተት

አንድ ሥራ ማኅደረ ትውስታ አንሶት ሲቋረጥ፣ በብዙ ገጾች ላይ የሚገኘው ምክር «ሪጅን የተባለውን መለኪያ ዜሮ አድርግ» የሚል ነው። ዜሮ እዚህ ላይ «ምንም አትስጠኝ» ማለት ሳይሆን «ያለውን ሁሉ ስጠኝ» ማለት ነው። ከዚህም በላይ ከ2 ጊጋባይት በላይ ያለውን ማኅደረ ትውስታ የሚወስነው ሌላው መለኪያ በጄሲኤሉ ውስጥ ካልተጻፈ፣ ይህ ዜሮ በዚያም በኩል ገደቡን ያነሣል።

ሆኖም የምክሩ ውጤት በየተቋሙ ይለያያል። ብዙ ተቋማት «አይኢኤፍ-ዩኤስአይ» በተባለ የራሳቸው ጣልቃ ገብ ፕሮግራም፣ ወይም በ2015 ከወጣው ዜድ/ኦኤስ 2.2 ጀምሮ «ኤስኤምኤፍሊም» በተባለ የመለኪያ አባል አማካይነት፣ ሥራዎች የሚጠይቁትን መጠን ይገድባሉ። ስለዚህ ምክሩ በአንዱ ተቋም ችግሩን ይፈታል፤ በሁለተኛው ገደቡ ስለሚያግደው ምንም ለውጥ አያመጣም፤ በሦስተኛው ደግሞ ጉድለት ያለበት ፕሮግራም ያገኘውን ሁሉ እንዲውጥ በሩን ይከፍትለታል። ገጹ ግን ለሦስቱም አንባቢዎች አንድ ዓይነት ነው።

3.3 የጉድለት ስሕተት

ሦስተኛው ስሕተት እውነቱን ተናግሮ ቀሪውን መተው ነው። አንድ አዲስ የሶፍትዌር ምርት ሲተከል ላይብረሪው «ኤፒኤፍ» በተባለው የተፈቀደላቸው ላይብረሪዎች ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ሊጠየቅ ይችላል። ለዚህም «ሴትፕሮግ» የተባለችው ትእዛዝ ወዲያውኑ ታገለግላለች። በገጹ ላይ የተጻፈውን ትእዛዝ የሰጠ አስተዳዳሪ ምርቱ ሲነሣ ስለሚያይ ጉዳዩን እንደተፈጸመ ይቆጥረዋል።

ነገር ግን ትእዛዟ የምትጸናው ሥርዓቱ እንደገና እስኪነሣ፣ ማለትም እስከ ቀጣዩ አይፒኤል ድረስ ብቻ ነው። ዘላቂ የሚሆነው በ«ፓርምሊብ» ውስጥ በሚገኘው «ፕሮግ» በተባለው አባል ላይ ሲጻፍ ነው። ሜይንፍሬም ለወራት ሳይነሣ ሊቆይ ስለሚችል፣ ጉድለቱ የሚገለጠው ምናልባት ትእዛዙን የሰጠው ሰው ሥራውን ከለቀቀ በኋላ፣ ለጥገና በተመረጠ አንድ የእሑድ ሌሊት ይሆናል። በዚያ ሌሊት ተረኛ የሆነው ሰው ምርቱ ለምን እንደማይነሣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ትናንት ይሠራ የነበረ ነገር ዛሬ ሊቆም የቻለው ማንም ምንም ሳይለውጥ ነውና።

ሌላም የተተወ ነገር አለ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ በገባ ላይብረሪ ያለ ፕሮግራም የሥርዓቱን የጥበቃ ወሰን ተሻግሮ ለመሥራት ይችላል። በመሆኑም ላይብረሪውን ማን ሊጽፍበት እንደሚችል በ«ራክፍ» ወይም በአቻው የጥበቃ ሶፍትዌር ሳይወሰን ትእዛዙን መስጠት የቤቱን ቁልፍ በር ላይ ሰቅሎ እንደመሄድ ይቆጠራል። ተከላውን በአምስት ደረጃ የሚያስተምር ገጽ ይህን ስድስተኛ ደረጃ ብዙውን ጊዜ አይጠቅሰውም።

3.4 የቅርጽ ስሕተት

ጄሲኤል የተወለደው በ80 ዓምድ የፓንች ካርድ ዘመን ነው። የመግለጫው ጽሑፍ በ71ኛው ዓምድ ያበቃል፤ ከ73 እስከ 80 ያሉት ዓምዶች ለተራ ቁጥር የተተዉ ስለሆኑ እንደ መግለጫ አይነበቡም። ድረ ገጽ በበኩሉ ተከታታይ ባዶ ቦታዎችን ወደ አንድ ሊያጠብ፣ ቀጥተኛውን የጥቅስ ምልክት ወደ ጠማማው ሊለውጥ፣ ረጅሙንም መስመር ሊሰብር ይችላል። በተለይ አደገኛው ባዶ ቦታ ነው። በጄሲኤል ውስጥ ከኮማ በኋላ ባዶ ቦታ ከገባ፣ በዚያው መስመር የቀረው ጽሑፍ እንደ ማስታወሻ ይቆጠራል። የሚቀጥለው መስመር ተከታይ ከሆነ ሥርዓቱ ምንም ስሕተት ሳያሳውቅ በመካከል የነበረውን መለኪያ ይተወዋል። አንባቢው መለኪያውን በዓይኑ እያየ ሥርዓቱ ግን አላየውም።

የፊደል ኮድም ተመሳሳይ ችግር ያመጣል። ሜይንፍሬም ኢቢሲዲክ በተባለው የኮድ ቤተሰብ የሚጠቀም ሲሆን፣ ቤተሰቡ በርካታ ሠንጠረዦች አሉት። ለምሳሌ የማዕዘን ቅንፎች በሠንጠረዥ 037 የያዙት ቦታ በሠንጠረዥ 1047 ከያዙት ይለያል፤ ስለዚህ በትክክል የተገለበጠ የሲ ፕሮግራም ሳይጠናቀር ሊቀር ይችላል። ለአማርኛ ጸሐፊም ነገሩ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። እነዚህ ሠንጠረዦች 256 ቦታ ብቻ ያላቸውና በላቲን ፊደል የተያዙ ናቸው። በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከ300 በላይ ቦታ የተሰጠው የግዕዝ ፊደል በእነርሱ ውስጥ አይገኝም። የአስተዳደር ማስታወሻውን በአማርኛ መያዝ የሚፈልግ ሰው በጄሲኤሉ ውስጥ ሳይሆን ዩኒኮድን በሚቀበል የተለየ ፋይል ውስጥ ቢይዘው ይበጀዋል።

4. የታተመው መጽሐፍ የነበረውና ገጹ ያጣው

የታተመው መመሪያ መጽሐፍ ከስሕተት የነጻ አልነበረም። ነገር ግን ስለራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ነበረው። በሽፋኑ ላይ የሰነዱ ቁጥር፣ በቁጥሩም መጨረሻ የእትሙ ተራ ይታያል። በመግቢያው «የለውጦች ማጠቃለያ» የሚል ክፍል፣ በኅዳጉም ላይ የተለወጠውን አንቀጽ የሚያመለክት ቀጥ ያለ መስመር ነበረው። አንባቢው አንድን አንቀጽ ከማመኑ በፊት ለየትኛው ሥሪት እንደተጻፈና መቼ እንደተለወጠ ለማወቅ ገጽ መግለጥ ብቻ ይበቃው ነበር።

የአቅራቢው ይፋዊ ድረ ገጽም ዛሬ ሥሪትን ለመምረጥ ያስችላል። ይሁን እንጂ የፍለጋ ሞተር አንባቢውን በቀጥታ በአንድ አንቀጽ ላይ ስለሚያሳርፈው፣ ያረፈበት ሥሪት የራሱ መሆኑን ሳያይ ሊያነብ ይችላል። «ሬድቡክስ» የሚባሉት የአይቢኤም የልምድ መጻሕፍት ጥልቀት ያላቸው ናቸው፤ ሆኖም እያንዳንዳቸው በአንድ የተወሰነ ጊዜ በተወሰነ ሥሪት ላይ የተሠራን ሥራ የሚገልጹ ናቸው። ከዚህ ባሻገር ያሉት የግለሰቦች ማስታወሻዎች ብዙውን ጊዜ ሥሪትም ቀንም የላቸውም። የቋንቋ ሞዴሎች የሚሰጡት መልስ ደግሞ የልዩ ልዩ ዘመናት ምክሮችን በአንድ ወጥ አገላለጽ ሊያዋሕድ ስለሚችል፣ አንባቢው የትኛው ዐረፍተ ነገር ከየትኛው ሥሪት እንደመጣ የሚለይበት ምልክት አያገኝም።

ተማሪዎችን በተለይ የሚመለከት ሌላ ምንጭ አለ። በ1999 የተጀመረው «ሄርኩሊስ» የተባለው ነጻ አስመሳይ ሶፍትዌር የሜይንፍሬምን ባሕርይ በተራ ኮምፒውተር ላይ ያስገኛል። በእርሱ ላይ በነጻ ሊኬድ የሚችለው ስርዓተ ክወና ግን በአብዛኛው ከ31 ቢት ዘመን በፊት የነበረው ኤምቪኤስ 3.8 ነው። ይህ ስርዓተ ክወና ፒዲኤስኢን አያውቅም፤ በጄሲኤል ውስጥም ዛሬ የተለመደው የ«ኢፍ» እና «ኤልስ» አጻጻፍ የለውም። ለትምህርት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ለእርሱ የተጻፈን መመሪያ እንዳለ ወደ ዜድ/ኦኤስ መውሰድ ግን የአርባ ዓመት ልዩነትን መዝለል ነው። በዚህ ረገድ አይቢኤም ለተማሪዎች የከፈተው «ዜድ ኤክስፕሎር» የተባለው የመማሪያ መድረክ በእውነተኛ ዜድ/ኦኤስ ላይ ስለሚያሠራ ለማነጻጸር ያገለግላል።

ሜይንፍሬም ራሱ ለዚህ ችግር የሰጠው መልስ ልብ ሊባል ይገባዋል። እርማቶች የሚተከሉት «ኤስኤምፒ/ኢ» በተባለ መሣሪያ ሲሆን፣ እርማቱ፣ ማለትም ፒቲኤፉ፣ «ሆልድ» የሚባል ማገጃ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከማገጃዎቹ ምክንያቶች አንዱ «ዶክ» ይባላል፤ ትርጉሙም «ይህ እርማት የሰነድ ለውጥ አለው፤ አንብበህ ፍቀድ» ማለት ነው። አስተዳዳሪው ማገጃውን በግልጽ ካላነሣ እርማቱ አይተከልም። እዚህ ላይ ሰነዱና ኮዱ በአንድ ጥቅል ተሳስረዋል። ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያም ግልጽ ነው፤ ሁለት ተቋማት አንድ ዓይነት ሥሪት ቢኖራቸውም የተከሏቸው እርማቶች ከተለያዩ፣ ለአንዱ ትክክል የሆነው ገጽ ለሌላው ላይሆን ይችላል።

5. የማጣሪያ ሥርዓት

ከላይ ከቀረበው በመነሣት አንድ መመሪያ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ቢፈተሽ ይመረጣል።

አንደኛ፣ የእኔ ሥርዓት ማን ነው? «ዲስፕሌይ አይፒኤልኢንፎ» የተባለችው ትእዛዝ ሥሪቱንና መቼ እንደተነሣ ትናገራለች፤ የኤስኤምፒ/ኢ መዝገብ ደግሞ የተተከሉትን እርማቶች ያሳያል። የራሱን ሥርዓት ያላወቀ አንባቢ የትኛውም ገጽ ለእርሱ መጻፉን ሊያውቅ አይችልም።

ሁለተኛ፣ ገጹ ስለማን ይናገራል? ሥሪትና ቀን ከሌለው፣ የሚጠቀሱት የፋይል ዓይነቶችና መለኪያዎች ዘመኑን ይጠቁማሉ። ዘመኑ ፈጽሞ ካልታወቀ ገጹ ለፍለጋ መነሻ እንጂ ለትእዛዝ ምንጭ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛ፣ ይፋዊው መመሪያ በእኔ ሥሪት ምን ይላል? በተለይ «የለውጦች ማጠቃለያ» የሚለው ክፍልና የእያንዳንዱ መለኪያ ነባሪ ዋጋ መነበብ አለባቸው። ጸጥ ያሉ ለውጦች የሚደበቁት በነባሪ ዋጋዎች ውስጥ ነው።

አራተኛ፣ ለውጡ እስከ መቼ ይጸናል፤ እንዴትስ ይመለሳል? እስከ ቀጣዩ አይፒኤል ብቻ ነው ወይስ ዘላቂ? መመለሻው ያልታወቀ እርምጃ መወሰድ የለበትም። ለዚህም ኤስኤምፒ/ኢ ጥሩ አርአያ ነው። «አፕላይ ቼክ» ተከላውን ሳይፈጽም ይሞክራል፤ «አፕላይ» የተደረገው «ሪስቶር» በተባለው ትእዛዝ ሊመለስ ይችላል፤ «አክሴፕት» ከተደረገ በኋላ ግን ይህ መንገድ ይዘጋል።

አምስተኛ፣ የት ይሞከራል? መልሱ ከዋናው ሥራ በተለየ ሎጂካዊ ክፍልፋይ ላይ ነው። ሙከራውም ትእዛዙ መሥራቱን ከማየት አልፎ፣ ሥርዓቱ እንደገና ሲነሣ ምን እንደሚሆን መጨመር አለበት።

ስድስተኛ፣ ምን ተመዘገበ? ምንጩ፣ የተነበበበት ቀን፣ የሥርዓቱ ሥሪት፣ የተደረገው ለውጥና መመለሻው በአንድ ማስታወሻ ቢያዙ፣ በዚያ የእሑድ ሌሊት ለሚደርሰው ተረኛ መልስ ይሆናሉ።

በእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ምንጮች ሲጋጩ ቅድሚያ የሚሰጠው ሥርዓቱ ራሱ በማሳያ ትእዛዞች ለሚሰጠው ምስክርነት ነው። ቀጥሎ በዚያው ሥሪት የተጻፈው ይፋዊ ሰነድ፣ ከዚያ የሌላ ሥሪት ይፋዊ ሰነድና ሬድቡክስ፣ በመጨረሻም ቀን የሌላቸው ማስታወሻዎች ይከተላሉ። ይህ ቅደም ተከተል የኋለኞቹን ለማናናቅ የቀረበ አይደለም። ይፋዊው ሰነድ ያልገለጸውን የብዙ ዓመት ልምድ ይዘው የሚገኙት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸውና።

6. ማጠቃለያ

በሜይንፍሬም ዓለም እጅግ የሚያሳስበው ሐሰተኛ ሰነድ ሳይሆን፣ አድራሻውን ያጣ እውነተኛ ሰነድ ነው። የሥርዓቱ ተስማሚነት አሮጌውን ምክር አብዛኛውን ጊዜ እውነት አድርጎ ስለሚያቆየው፣ አንባቢው ጥንቃቄውን ቀስ በቀስ ይተዋል። መፍትሔውም አሮጌውን ሁሉ መጣል ሳይሆን፣ እያንዳንዱን መመሪያ ለማን፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደተጻፈ እየጠየቁ መቀበል ነው።

ይህ ግዴታ በአንባቢው ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የላቦራቶሪ መመሪያ ሲያዘጋጁ ወይም ልምዳቸውን በበይነ መረብ ሲያካፍሉ፣ አራት ነገሮችን በአራት መስመር ቢጽፉ ይበቃል፤ ሥሪቱንና የእርማቱን ደረጃ፣ ቀኑን፣ የለውጡን ጽናት፣ እንዲሁም መመለሻውን። እነዚህ አራት መስመሮች የታተመው መጽሐፍ በሽፋኑና በኅዳጉ ይሰጥ የነበረውን ምስክርነት በከፊልም ቢሆን ይተካሉ፤ በሌላ አገርና በሌላ ዘመን ለሚያነብ ያልታወቀ የሙያ ባልደረባም ጥቅማቸው የጎላ ነው።